ከማዘዣው በኋላ ታማሚውን ማን ይከታተለዋል?

የልብ ምት መዛባት እንዳለበት የተነገረው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ በእጁ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ አንድ ማዘዣ ነው። የልብን ሩጫ የሚያበርድ ክኒን፣ ደም ማቅጠኛ፣ እግሩ ካበጠም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ተጽፎለታል፤ የቀጠሮ ቀንም ተሰጥቶታል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር የታማሚው የግል ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ክኒኑን ከዋጠ ተረፈ፣ ካልዋጠ ጥፋቱ የራሱ ነው። ይህ አስተሳሰብ ስህተት ነው ብዬ እከራከራለሁ። አትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለውና ረጅም ሕክምና ከሚጠይቁት የምት መዛባቶች በብዛት በሚታየው ሕመም፣ ሰውን ከስትሮክ የሚያተርፈው ማዘዣው ከተጻፈ በኋላ ባሉት ወራትና ዓመታት የሚደረግለት ክትትል ነው። የልብ ሐኪም ማሠልጠን፣ የልብ አልትራሳውንድ መግዛት፣ የቀዶ ሕክምና ማዕከል መክፈት የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ደሙን በየጊዜው የሚለካለት፣ መጠኑን የሚያስተካክልለት፣ ሲቀር የሚጠይቀው ሰው የሌለው ታማሚ ግን ከዚህ ሁሉ የሚያገኘው ጥቅም ጎዶሎ ነው።

አትሪያል ፊብሪሌሽን ሲይዝ ሁለቱ የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸውን ትተው ይንቀጠቀጣሉ። ደሙ በግራው የላይኛ ክፍል ውስጥ ይዘገያል፤ የዘገየ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አንጎል ላይ ነው። በአሜሪካ የፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለው ጥናት ሕመሙ በስትሮክ የመያዝን ዕድል አምስት እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። የልብ ቫልቩ በሩማቲክ ሕመም የተጎዳ ሰው ሲሆን ጭማሪው ወደ አሥራ ሰባት እጥፍ ይደርሳል። ለእኛ የሚያሳስበው ይኸኛው ቁጥር ነው። በሀብታም ሀገራት ይህ ሕመም በዋናነት የአዛውንቶችና የደም ግፊት ታማሚዎች ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ በልጅነት በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚጀምረው የሩማቲክ ልብ ሕመም ብዙ ወጣቶችን ይጨምርበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ሬሜዲ የተባለው ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ12 የአፍሪካ ሀገራት፣ ከሕንድና ከየመን 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን መዝግቧል። መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ዓመት ነበር፤ ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ናቸው፤ ከአምስቱ አንዱ ደግሞ አትሪያል ፊብሪሌሽን ነበረበት። እንግዲህ ስለ ክትትል ስንናገር የምንናገረው ገና ልጅ ስለምትወልድ፣ ስለምታርስ፣ ስለምታስተምር፣ ከፊቷ የአርባ ዓመት ክኒን ስላለባት ሴት ጭምር ነው።

ለእነዚህ ሰዎች የሚታዘዘው ደም ማቅጠኛ በአብዛኛው ዋርፋሪን ነው። ለሰው መድኃኒትነት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ርካሽ ነው፤ በትክክል ሲወሰድ ኃይለኛ ነው። የሙከራ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ የቫልቭ ጉዳት በሌለባቸው የአትሪያል ፊብሪሌሽን ታማሚዎች ላይ ስትሮክን በ64 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ብዙዎች “ለስለስ ያለ ነው” ብለው የሚመርጡት አስፕሪን የቀነሰው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። የዋርፋሪን ችግሩ መንገዱ ጠባብ መሆኑ ላይ ነው። አይኤንአር የተባለው የደም ልኬት ለአብዛኞቹ ታማሚዎች ከ2 እስከ 3 ባለው ክልል ውስጥ መቆየት አለበት። ከ2 ሲወርድ ክኒኑ በየቀኑ እየተዋጠም ደም ሊረጋ ይችላል፤ ከ4 ሲያልፍ ደግሞ የመድማት አደጋው በፍጥነት ያድጋል። ሁለቱም አቅጣጫዎች አስቀድሞ የሚሰማ ምልክት ላይኖራቸው ይችላል። ታማሚው ራሱን አዳምጦ ሊያውቀው አይችልም፤ መለካት ያስፈልጋል።

ይህን ልኬት የሚያናውጠው ነገር ደግሞ በእያንዳንዳችን ቤት አለ። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬ ደምን በማርጋት ሥራ ላይ እንዳይውል በመከልከል ነው፤ ጎመንና ቆስጣ ደግሞ በዚህ ቫይታሚን የበለጸጉ ናቸው። በዓቢይ ጾም ለሳምንታት ጎመን ከገበታው የማይጠፋ ቤተሰብ በፋሲካ ማግሥት ወደ ዶሮና ሥጋ ሲዞር፣ በጾሙ ልክ የተስተካከለው የክኒን መጠን በፍስኩ ሊበዛ ይችላል። በየጤና ተቋሙ የሚሰጠው “ጎመን እንዳትበላ” የሚል ምክር መፍትሔ አይሆንም፤ ድሃ ቤተሰብን ከዋና ምግቡ ያጣላል እንጂ። ትክክለኛው ምክር የሚበላው መጠን ከሳምንት ሳምንት እንዳይለዋወጥ፣ ጾም ሲገባና ሲወጣ ደግሞ ደሙ እንዲለካ ነው። ከምግቡ የባሰው መድኃኒቱ ነው። ለአሜባና ለጃርዲያ እንደ ዋዛ ከፋርማሲ የሚገዛው ሜትሮኒዳዞል፣ እንዲሁም ኮትሪሞክሳዞል የዋርፋሪንን ኃይል በጣም ያንራሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ያዳክመዋል፤ የነቀርሳው ሕክምና ሲያበቃ ከፍ ተደርጎ የነበረው መጠን ካልተቀነሰ ታማሚው ሊደማ ይችላል። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን ደም መፍሰስ ይጋብዛሉ። ይህን ሁሉ አንድ ሐኪም በአሥር ደቂቃ ቀጠሮ ነግሮ ሊጨርሰው፣ ታማሚውም ሰምቶ ሊይዘው የሚችል አይደለም። በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ፣ “በዚህ ወር ሌላ ምን ወሰድሽ?” እየተባለ የሚገነባ ዕውቀት ነው።

ሌላው ፈተና ደኅና መሆን ነው። መጀመሪያ ላይ ልብን የሚያበርዱት እንደ ሜቶፕሮሎልና አቴኖሎል ያሉ መድኃኒቶች ድካምና መፍዘዝ ያመጣሉ፤ ታማሚው መድኃኒቱ አሳመመኝ ብሎ በድንገት ሲያቆም ደግሞ ልቡ ከበፊቱ ብሶ ሊሮጥ ይችላል። ከወራት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። የልብ ምቱ ይረጋጋል፣ ትንፋሹ ይመለሳል፣ ታማሚውም ዳንኩ ብሎ ደም ማቅጠኛውን ያቆማል። ይህ የኢትዮጵያውያን ድክመት ብቻ የሚመስለው ሰው እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመውን አፈርም የተባለውን ጥናት ማየት አለበት። በአሜሪካና በካናዳ 4,060 ሰዎች የተሳተፉበት ይህ ጥናት ምትን ወደ ትክክለኛ ሥርዓቱ መመለስንና ፍጥነቱን ብቻ መቆጣጠርን ያነጻጸረ ነበር። በሁለቱም ቡድን ከደረሱት ስትሮኮች አብዛኞቹ የደረሱት ዋርፋሪን ካቆሙ ወይም ልኬታቸው ከ2 በታች በወረደ ሰዎች ላይ ነው። ምቱ መስተካከሉ አደጋው ማለፉን አያረጋግጥም፤ ሕመሙ ሳይሰማ ተመልሶ ሊመጣና ሊሄድ ይችላል። ደም ማቅጠኛው ለማን መቆም እንደሚችል የሚወስነው የታማሚው ስሜት ሳይሆን የአደጋ ግምገማ ነው፤ ይህን ደግሞ ታማሚው ከሚያምነው ሰው በተደጋጋሚ መስማት አለበት።

አሁን ያለንበትን ቁጥሮቹ በግልጽ ያሳያሉ። በሬሜዲ ጥናት ደም ማቅጠኛ ከታዘዘላቸው ታማሚዎች መካከል ልኬታቸው በሚፈለገው ክልል ውስጥ የተገኘው 28.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በ47 ሀገራት በአትሪያል ፊብሪሌሽን ድንገተኛ ክፍል የመጡ ከ15,000 በላይ ሰዎችን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ በአፍሪካ ከተመዘገቡት 8 በመቶው በዓመቱ ውስጥ ስትሮክ እንደደረሰባቸው፣ 20 በመቶው እንደሞቱ አሳይቷል። በሰሜን አሜሪካ፣ በምዕራብ አውሮፓና በአውስትራሊያ የሞቱት 10 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱን ሁሉ የክትትል ጉድለት አመጣው አልልም፤ ዘግይቶ መምጣት፣ የተጎዳ ቫልቭ፣ የልብ ድካም ሁሉ አሉበት። ነገር ግን ከእነዚህ መካከል ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ያለ ውድ መሣሪያ፣ በነርስና በአንድ ጠብታ ደም ሊሻሻል የሚችለው ይኸው ክትትል ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራው ተቃውሞ አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ናቸው። ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባንና ዳቢጋትራን የደም ልኬትም የጎመን ቁጥጥርም አይፈልጉም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን የመድኃኒት ምድብ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ታዲያ ለአሮጌ መድኃኒት የክትትል ክሊኒክ ከመገንባት አዲሱን ማስገባት አይሻልም ወይ? የቫልቭ ጉዳት ለሌለባቸው ታማሚዎች መልሴ አዎ ነው፤ ስትሮክን በመከላከል ከዋርፋሪን አያንሱም፣ በአንጎል ውስጥ መድማትንም በግማሽ ገደማ ይቀንሳሉ፣ ዋጋቸው እየወረደ ሲመጣ በመንግሥት ተቋማት በስፋት መገኘት አለባቸው። የሩማቲክ ታማሚዎች ጉዳይ ግን ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕመምና አትሪያል ፊብሪሌሽን ያለባቸውን ሰዎች ከፍሎ ለአንዱ ቡድን ሪቫሮክሳባን፣ ለሌላው ዋርፋሪንን ወይም እሱን የመሰለ መድኃኒት ሰጠ። ተመራማሪዎቹ አዲሱ ከአሮጌው እንደማያንስ ለማሳየት ነበር የተነሡት። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ። ስትሮክ፣ ሌላ የደም መርጋት አደጋ፣ ድንገተኛ የልብ ጥቃት፣ ከልብና ከደም ሥር የመጣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት የደረሰው ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት 2,275 ሰዎች በ560ው ላይ ሲሆን፣ አሮጌውን ከወሰዱት 2,256 ሰዎች ደግሞ በ446ቱ ላይ ነው። ከባድ መድማትም በአሮጌው ጎልቶ አልበዛም። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ለተተከለላቸውም ዳቢጋትራን ተሞክሮ የረጋ ደምም መድማትም ስላበዛ ሙከራው ከጊዜው በፊት ተቋርጧል። ስለዚህ በርካታ ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ወደፊትም ከዋርፋሪን ጋር ይኖራሉ።

በኢንቪክተስ ውስጥ ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። አሮጌውን መድኃኒት የወሰዱት ተሳታፊዎች ጥናቱን ሲጀምሩ ልኬታቸው በትክክለኛው ክልል ውስጥ የነበረው ከሦስቱ የአንዱ ብቻ ነበር። በጥናቱ ሂደት ግን ከ56 እስከ 65 በመቶ ደረሰ። ሀገራቱ እነዚያው ናቸው፣ ክኒኑም ያው፤ የተለወጠው በየጊዜው መለካቱና መጠየቁ ነው። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የታየውን ልዩነት ምን እንዳመጣው ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ፤ ለደም ምርመራ ሲባል በየወሩ ጤና ባለሙያ ማየታቸው አንዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ተነግሯል፤ እኔም ሚዛን የሚደፋ ግምት ይመስለኛል፣ ምንም እንኳ የተረጋገጠ ባይሆን። አዲሶቹ መድኃኒቶችም ቢሆኑ ከክትትል ነፃ አያወጡም። ኃይላቸው በሰዓታት ውስጥ ስለሚበርድ አንድ ቀን መዝለል ታማሚውን ያለ መከላከያ ያስቀረዋል፤ መጠናቸውም በኩላሊት ሁኔታ ይወሰናልና ኩላሊት መመርመር አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሕክምናው ዓለም በተደጋጋሚ የሚሰማ ነው፤ ሕዝቡ ቀጠሮ አያከብርም፣ ጠበል ሲሄድ መድኃኒቱን ይጥላል፣ ክሊኒክ ብትከፍትም አይመጣም ይባላል። ይህን ክርክር የኤችአይቪ ሕክምና ታሪካችን ያፈርሰዋል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 በነፃ መሰጠት ሲጀምር ስለ አፍሪካውያን ታማሚዎች የተባለው ይኸው ነበር፤ ሰዓት አይጠብቁም ተባለ። ከዚያ መድኃኒቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ፣ ነርሶች እንዲያዝዙ ሠለጠኑ፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ራሳቸው አማካሪ ሆነው ተቀጠሩ፣ ቀጠሮ የቀረ ሰው ተፈልጎ ተጠየቀ። የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በአደባባይ ተናገሩ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት በየቀኑ መዋጥ እንደሚችሉ አሳዩ። የልብ ታማሚው የዚያው ሕዝብ ልጅ ነው። ሥርዓቱን ስናቀርብለት ይመጣል፤ ሁለት ቀን ተጉዞ፣ ለማደሪያ ከፍሎ፣ ላቦራቶሪው ደርሶ “ኬሚካል አልቋል” ሲባል ግን በሚቀጥለው ወር ባይመለስ አልፈርድበትም። ቸልተኛ ብሎ መፈረጁ ሌላውን ሁሉ ከመጠየቅ ያድነናል፣ ለዚህም ይመስለኛል የተወደደው።

ሦስተኛው ገንዘብና የሰው ኃይል ነው። የልብ ሐኪሞቻችን ጥቂቶች ናቸው፣ ብዙዎቹም አዲስ አበባ ናቸው፤ እያንዳንዱን ልኬት እነሱ ይዩት ማለት የማይሆን ነገር ነው። ግን ማንም ይህን አይጠይቅም። በኔዘርላንድስ ማስትሪኽት ከተማ 712 የአትሪያል ፊብሪሌሽን ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በሐኪም ድጋፍ በነርሶች የሚመራ ክትትልን ከተለመደው ጋር አነጻጽሮ፣ በነርሶቹ በኩል በልብና ደም ሥር ችግር ሆስፒታል መግባትም ሞትም መቀነሱን አሳይቷል። በኋላ በብዙ ሆስፒታሎች ሲደገም በአጠቃላይ ያን ያህል ግልጽ ልዩነት አልታየም፤ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ልምድ ባካበቱት ማዕከላት ነው። ትምህርቱ ለእኛ ጠቃሚ ነው፤ ነርስ መመደብ ብቻ አይበቃም፣ የሠለጠነችው ነርስ በቦታዋ ቆይታ ልምድ ማካበት አለባት፣ በየስድስት ወሩ ወደ ሌላ ክፍል መዛወር የለባትም። ሩዋንዳ የልብ ድካምና የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን በወረዳ ሆስፒታሎች በነርሶች መከታተል ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ አባል ሀገራትም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ሎሜ ላይ ከባድ ሥር የሰደዱ ሕመሞችን ወደ ወረዳ ሆስፒታል የማውረድ ስልት አጽድቀዋል። አይኤንአርን ከጣት በተወሰደ ጠብታ ደም በደቂቃዎች የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ አለ። በሌሎች ሀገራት ሠልጥነው በዚህ መሣሪያ በቤታቸው ራሳቸውን የሚለኩ ታማሚዎች የደም መርጋት አደጋቸው በግማሽ ገደማ ቀንሷል። እኛ ከቤት ባንጀምርም ከወረዳ ሆስፒታል መጀመር እንችላለን። አንድ ስትሮክ አልጋ ላይ ያስቀረው ሠራተኛ፣ እሱን ለማስታመም ትምህርት ያቋረጠች ልጅ፣ የተሸጠ በሬ ሁሉ ወጪ ናቸው፤ በጤና ተቋሙ መዝገብ ስለማይጻፉ ብቻ የሌሉ ይመስላሉ።

ከሁሉም በላይ ክትትሉ የግድ የሚሆንባቸው ወጣት ሴቶች ናቸው። ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት፣ በተለይም ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት፣ የፅንሱን አካል ሊጎዳ ይችላል። በፍርሃት በራሷ ያቆመችው ሴት ደግሞ፣ በተለይ የብረት ቫልቭ ካላት፣ ለቫልቭ መዘጋትና ለስትሮክ ትጋለጣለች። ሁለቱን አደጋዎች የሚያመዛዝን ዕቅድ ከእርግዝናው በፊት መውጣት አለበት። በሄፓሪን መርፌ መተካት፣ መጠን መቀነስ፣ እስኪወሰን ድረስ የወሊድ መቆጣጠሪያ መጠቀም የየራሳቸው ጊዜ አላቸው። ዋርፋሪን ለምትወስድ የሃያ ዓመት ሴት ይህን አለመንገር በሕክምና ስም የሚፈጸም በደል ነው እላለሁ፤ ባሏና አማቷ ልጅ እንድትወልድ እየጠበቁ፣ እሷ ለምን እንደምትፈራ እንኳ ማስረዳት ሳትችል ትቀራለችና።

ሌሎቹ የዕለት ተዕለት ጥያቄዎች ቀለል ያሉ ናቸው፤ ግን ካልተመለሱ ሕይወትን ያጨልማሉ። ብዙ ታማሚ በምርመራው ማግሥት ቡናውን ይተዋል፣ ከቡናው ጋር ጎረቤቱንም ያጣል፤ ትልልቅ ጥናቶች ግን ልከኛ ቡና አትሪያል ፊብሪሌሽንን እንደሚያባብስ አላሳዩም፤ ሲጠጣ ልቡ እንደሚረበሽ ራሱ ያስተዋለ ሰው ይቀንስ እንጂ ለሁሉም የሚከለከል አይደለም። በአልኮል ላይ ማስረጃው ተቃራኒ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አዘውትረው ይጠጡ ከነበሩ 140 ታማሚዎች መካከል መጠጥ እንዲተዉ በተደረጉት ሕመሙ የተመለሰባቸው 53 በመቶ፣ መጠጣት በቀጠሉት ደግሞ 73 በመቶ ነበሩ። ጫትም ልብን የሚያስሮጥ ነገር ስለሆነ መተው አለበት። በረመዳን የሚጾም ሰው በቀን አንዴ የሚወሰደውን ዋርፋሪን ከአፍጥር በኋላ ሊወስደው ይችላል፤ በቀን ሁለቴ የሚወሰድ መድኃኒት ካለው ግን ከጾሙ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ሥራ መሥራት፣ መራመድ፣ ከሰው ጋር መዋል ለአብዛኞቹ ይፈቀዳል፣ ይመከራልም።

የምጠይቀው ነገር በአንድ የበጀት ዓመት ሊጀመር የሚችል ነው። ዋርፋሪን የሚታዘዝበት እያንዳንዱ አጠቃላይ ሆስፒታል የጣት ምርመራ መሣሪያውንና የማያቋርጥ የመለኪያ ወረቀት ይኑረው፤ ሁለት ነርሶች ለዚሁ ይሠልጥኑና በቦታቸው ይቆዩ፤ የታማሚው መጠንና የመጨረሻ ልኬቱ የተጻፈበት፣ ደም ማቅጠኛ እንደሚወስድ ለማንኛውም ፋርማሲና የጥርስ ሐኪም የሚናገር የኪስ ካርድ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ይታተም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ምርመራውን በውል በያዛቸው ተቋማት መገኘቱን ይቆጣጠር፤ የለም ተብሎ ወደ ግል ላቦራቶሪ የተላከ አባል ገንዘቡ ይመለስለት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም እርጉዝ እናትን እንደምትመዘግብ ሁሉ በቀበሌዋ ዋርፋሪን የሚወስደውን ሰው ትመዝግበው፤ ቀጠሮ ሲያልፈው ቤቱ ሄዳ ለምን እንደቀረ ትጠይቀው።